አንቀመጥም ያሉ እግረኞች

በእኛ አገር ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። በእግሩ የሚሄድ ሰው ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ከሩቅ ይታያል። ፍየል ከነዳ ገበያ ነው። ነጠላውን ካዘቀዘቀ ለቅሶ ነው። ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከሸጎጠ ፍርድ ቤት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሰላም ብላችሁት እለፉ እንጂ ጉዳዩን አትጠይቁት፣ ከጠየቃችሁት ቀናችሁ እዚያው ያልቃል። ጋቢ የለበሱ ሰዎች በትር ይዘው፣ ብዙ ሳያወሩ፣ ተከታትለው ከሄዱ ደግሞ የተጣላ ሊያስታርቁ ወይም ልጅ ሊጠይቁ ነው። ምንም ሳይነዳ፣ ምንም ሳይሸከም፣ ባጃጅና ሚኒባስ በሞላበት አገር በእግሩ የሚኳትን ሰው ካያችሁ ግን መጠርጠራችሁ አይቀርም። በተለይ በራያ ቆላ፣ በዚያ ፀሐይ።

እኛ የቆቦ ሰዎች ለበጎ አድራጎት በእግራችን እንሂድ ብለን ስንነሣ ይህን ሁሉ ረስተነው ነበር።

ሐሳቡን ያመጣችው ሲስተር አሰለፈች ናት። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ እምቢታን እንደ መልስ የማትቆጥር ሴት። ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ይቆርጥና ምጥ የያዛት ሴት ከወንዙ ማዶ ትቀራለች። ስለዚህ ቀናቸው የተቃረበ ሴቶች ቀደም ብለው መጥተው የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ቤት መሠራት አለበት አለች። እኛ ከጎብዬ ተነሥተን፣ አስፋልቱን ትተን፣ በገጠሩ መንገድ ቆቦን አልፈን ዋጃ ድረስ እንሄዳለን፤ የከተማው ነጋዴ ደግሞ እስከ መጨረሻው ከሄድን ሲሚንቶና ቆርቆሮ ያዋጣል። ከሄድን ነው። ካቋረጥን የለም።

እኔ ቆቦ ውስጥ መድኃኒት ቤት አለኝ። ሰዉ «ዶክተር» ይለኛል፤ አይደለሁም፤ ማረሙን ከተውሁት ግን ቆይቷል። ቀኑን ሙሉ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስመላለስ ስለምውል ራሴን እንደ እግረኛ እቆጥር ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሳያልቅ ያ ግምት ከሸራ ጫማዬ ሶል ጋር አብሮ ተላቀቀ።

መንገዱን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አቅም ስለሌለን በየቅዳሜው ቆራርጠን ልንሄደው ተስማማን። ይኸው መቆራረጡ ነው መሣቂያ ያደረገን። ባለፈው ቅዳሜ ካቆምንበት ቦታ ለመጀመር እዚያ ድረስ በባጃጅ መሄድ ነበረብን። አንድ ቀን ከባጃጁ ወርደን ወገባችንን ስናፍታታ የማሽላ አገዳ የተሸከሙ ሴትዮ ቆመው አዩን።

«ባጃጁ ተበላሸባችሁ?» አሉ።

«አይ፣ ከዚህ ወዲያ በእግራችን ልንሄድ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ዋጃ።»

«ባጃጁ ዋጃ አይሄድም?»

«ይሄዳል።»

ሴትዮዋ አንድ በአንድ አዩን። ሸክማቸውን አስተካከሉና «አላህ ያሽራችሁ» ብለውን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከመካከላችን በዕድሜም በክብደትም ቀዳሚው አቶ ደርበው ነበሩ። የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። የማቆያ ቤቱን በርና መስኮት አሠራለሁ ብለው ቃል ሲገቡ፣ ሲስተር አሰለፈች «በርና መስኮቱ ከነባለቤቱ ነው የሚመጣው» ብላ ከእግረኞቹ መሐል አስገባቻቸው። ነጭ ጢም አላቸው። ከአረንጓዴው የጉዞ ካናቴራ በላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲሄዱ ላያቸው ሰው የሚጸልዩ ይመስሉ ነበር። የሚያጉረመርሙት ግን ጉልበታቸውን እየረገሙ ነው።

ያ ጉልበት ጠባይ አለው። በመንገድ ላይ እስካለ ድረስ እያቃሰተም ቢሆን ይታዘዛል። አንዴ መሬት ላይ ከተቀመጠ ግን ተቆለፈ ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ግራር ሥር ለማረፍ ቁጭ ብለው እሳቸውን ለማንሣት ስንል ግማሾቻችን ወደቅን። ከዚያ በኋላ አቶ ደርበው ለመኝታ ካልሆነ በቀር ዝቅ ላይሉ ማሉ፤ እኛም ደስ እያለን ምስክር ሆንን።

የመጨረሻውን ጉዞ ከዋጃ ወዲህ ባለች መንደር አድረን በማግስቱ ልንጨርሰው ነበር የታሰበው። አያ ይማም የሚባሉ ገበሬ ቤት እንደምናድር፣ ለእሳቸውም እንደሚነግራቸው የቀበሌው ሊቀመንበር በስልክ ገልጾልናል። ይንገራቸው አይንገራቸው ግን አላጣራንም።

አሁን፣ እኛ ያን ጊዜ ያላወቅነውን እናንተ ቀድማችሁ እወቁት።

በራያ ጎርፍ ጠላት ብቻ አይደለም። ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ውሃ በቦይ እየጠለፈ በየተራው ማሽላውን ያጠጣል። አያ ይማምና ጎረቤታቸው አያ ሰይድ የሚጋሩት ቦይ አላቸው፤ ዝምድናም አላቸው፤ የአያ ይማም ልጅ ዘሃራ የአያ ሰይድን ልጅ ነው ያገባችው። ባለፈው ክረምት በአንድ ጎርፍ ተራው የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ተባብለው ተጣሉ። ነገሩ ከፍ ሲል ዘሃራን ጠየቋት። እሷም ያየችውን ተናገረች፤ ተራው የአማቴ ነው አለች። አባቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ደጄን እንዳትረግጥ» አሉ። አሁን ዘሃራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ተቃርቧል። ለመጀመሪያ ልጅ ደግሞ ሴት ወደ እናቷ ቤት ትመጣለች እንጂ አማቷ ቤት ሆና አትጠብቅም። እናቷ ወይዘሮ ፋጡማ አልጋውን አንጥፈው፣ ቅቤውን አንጥረው፣ የባላቸውን አፍ ሲያዩ ይውላሉ። የባላቸው አፍ አልተከፈተም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከአያ ይማም ደጅ ደረስን። አቶ ደርበው በጋቢያቸውና በበትራቸው ከፊት፣ እኛ ማውራት እንኳ አቅቶን ተከታትለን ከኋላ። አያ ይማም ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሰው ናቸው። ወጥተው ተቀበሉን፤ ግቢው ውስጥ አጎዛ ተነጥፏል።

«መርሀባ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ተቀመጡ።»

አቶ ደርበው አጎዛውን አዩት። አጎዛው መሬት ላይ ነው። ለማያውቁት ሰው ገና ደጁ ላይ ስለ ጉልበታቸው ማውራት አሳፈራቸውና «ግድ የለም፣ እንቆማለን» አሉ። ትልቁ ሰው ቆመው ሳለ ማን ይቀመጣል? ሁላችንም ቆምን።

የአያ ይማም ፊት ተለወጠ። «ደክሟችኋል እኮ። ተቀመጡ እንጂ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«አይ፣ አንቀመጥም።» የአቶ ደርበው ድምፅ ከሕመሙ የተነሣ ተንቀጠቀጠ።

ወይዘሮ ፋጡማ ውሃ በጆግ ይዘው ከቤት እየወጡ ነበር። እበሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። እኔ የማስበው ውሃው ለምን እንደማይደርሰን ብቻ ነበር።

«አፈር ስሆን፣ አንቱ፣ ተቀመጡልኝ» አሉ አያ ይማም ለሦስተኛ ጊዜ። አቶ ደርበው ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሽማግሌ የተላከባችሁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ጉዳይ ይዞ የመጣ ሽማግሌ ቁጭ በል ቢሉት አይልም፤ የፈለገውን እሺ እስኪሉት ደጅ ላይ ይቆማል። ቆሞ የሚለምንን ትልቅ ሰው ቆሞ እንዲቀር ማድረግ ደግሞ ነውር ነው።

አያ ይማም ለአፍታ መሬት መሬቱን አዩ። «እንግዲያውስ በቃ» አሉ። «እናንተ ቆማችሁ እኔ ምን አቅም አለኝ። እሺ ብያለሁ። ዘሃራ ትምጣ። ቤቷ ነው።»

ጆጉ ወደቀ። ወይዘሮ ፋጡማ እልል አሉ፣ እልልታው መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። እኛ ተያየን። ዘሃራ ማን እንደሆነች የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም ሰው የለም። ነገሩ ቀድሞ የገባቸው አቶ ደርበው ናቸው፤ ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው የጠብና የዕርቅ ወሬ አያመልጠውም። «ቃልዎን ያጽናልዎ» አሉና እጃቸውን ወደ እኔና ወደ ሲስተር ዘረጉ። ከእንግዲህ ቆሞ መቅረት ዕርቁን ማፍረስ ነው። ግራና ቀኝ ይዘን አወረድናቸው። ሲቀመጡ ያሰሙት ድምፅ አያ ይማምን የደስታ ሳይመስላቸው አልቀረም።

እራት ቀረበ። ክርስቲያን ጎረቤት ያረደው ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ፣ የቤቱም ለሙስሊም ጓደኞቻችን ለብቻ፣ በወጉ። ርቦኝ ስለነበር ብዙ አልተመራመርሁም። ወይዘሮ ፋጡማ ወጡን እያወጡ የልጃቸውን ነገር ከሥሩ አጫወቱን። ልጄ እዚሁ፣ እጄ ላይ ትወልዳለች ሲሉ ሲስተር አሰለፈች ጉርሻዋን አቋረጠች። ለካስ በእናቶች ማቆያ ስም ስንት አቀበት ወጥተን አንዲት እናት እቤት እንድትወልድ ነው ያስታረቅነው!

ሲስተር እጇን ታጠበችና ተነሥታ ቆመች።

«አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?» አሉ አያ ይማም።

«ምንም አልጎደለም። ልጅቷ ቤቷ ትምጣ፣ እናቷ ታርሳት። ምጡ ሲጀምራት ግን ጤና ጣቢያ ነው የምትወልደው። እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም።»

«ወላሂ፣ ሴት ሽማግሌ ሆና ስትቆምብኝ አይቼ አላውቅም።»

«አሁን አዩ።»

ይሄኔ ወይዘሮ ፋጡማ ወጭቱን አስቀመጡ፤ ሄደው ከሲስተር ጎን ቆሙ። አያ ይማም ሁለቱን ሴቶች አፈራርቀው ሲያዩ ቆዩና ሣቃቸው አመለጣቸው። «ኧረ በቤቴ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ! እሺ፣ እሺ ብያለሁ፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ዋጃ ስንወጣ ዘሃራን መንገድ ላይ አገኘናት። ወሬው ቀድሞ ደርሷት ጓዟን በአህያ አስጭና፣ ከባሏ እኅት ጋር፣ ቀስ እያለች ትመጣለች። ካናቴራችንን ስታይ ቆመች።

«አባቴ ደጅ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ?» አለች።

ዘሃራ ዐይኗ አቶ ደርበው ላይ አረፈ። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ እሳቸው «ተይ፣ ልጄ፣ ተይ» እያሉ ሲከለክሏት ጎንበስ አለችና ጉልበታቸውን ሳመች። ያንኑ ጉልበት። ፀሐይ ዐይኔን መታኝ፣ አቧራ ገባብኝ አልልም። አለቀስሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስሁት። አቶ ደርበው እስከ ዋጃ ድረስ ጉልበታቸውን አልረገሙም።

ጉዞው አለቀ፣ ሲሚንቶውና ቆርቆሮውም መጣ። የማቆያው ግድግዳ እየወጣ ሳለ ዘሃራ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሴት ልጅ ተገላገለች። እኔም ውሃ የቋጠረው ተረከዜ ዳነልኝና ወደ መደርደሪያዬ ተመለስሁ። ታሪኩ ያለቀ መስሎኝ ለመጣ ሰው ሁሉ እያሣቅሁ አወራው ነበር፤ የዋሁ ባላገር ጉልበቱን የታመመውን የወፍጮ ቤት ባለቤት ሽማግሌ ነው ብሎ ሲሸነፍለት፣ እያልሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በአንድ የገበያ ቀን አያ ይማም መድኃኒት ቤቴ መጡ። ስለ ሕፃኗ ጠየቅኋቸው፤ ደህና ናት፣ ድምፅዋ የእናቷ ነው አሉኝ። ወንበር ሳብሁላቸው። አልተቀመጡም።

«ዶክተር፣ ያን ለት ሽማግሌ ናችሁ ብዬ የተሸወድሁ መስሎሃል አሉ። እያወራኸው ነው አሉ።»

የወንበሩን አቧራ በእጄ ጠረግሁ።

«ሊቀመንበሩ እኮ አስቀድሞ ነግሮኛል። ለክርስቲያኖቹ ለብቻ፣ ለሙስሊሞቹ ለብቻ ያሳረድሁት ማን እንደሚመጣ ባላውቅ ነው?»

«ታዲያ...»

«ያ ትልቁ ሰውዬ ደጄ ላይ ቆመ። አልቀመጥም አለ። የአገሬ ሽማግሌዎች ያኮረፍሁ ዕለት 'ይማምን ማን ይችለዋል' ብለው ቀርተዋል። ቢመጡም እነሱን እሺ ብል ይማም ለሰይድ ተረታ ይባላል። እናንተ መንገደኛ ናችሁ፤ ለእናንተ ብሸነፍ ማን ይስቅብኛል? ቆሞ ሳየው፣ ልጄን አላህ መለሳት አልሁ። ጉልበቱን እንዳመመውማ ላቡ ይናገር ነበር።»

ወንበሩን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግሁት። «ቁጭ ይበሉ እንጂ» አልኋቸው።

«አልቀመጥም» አሉ አያ ይማም። በትራቸውን ሁለት እጃቸው ላይ አጋድመው ያዙ። «ጎርፉ ሊመጣ ነው፤ እኔና ሰይድ በቦዩ ነገር ገና አልተነጋገርንም። እሱም ደጁ ላይ የሚቆምለት አጥቶ እንጂ ልቡ እሺ ካለ ቆይቷል። ያን ሰውዬ ይዘህልኝ ና። ጉልበቱ አልዳነም፣ አይደል?»

አልዳነም አልኋቸው። ሱቁ ውስጥ ያሉ ገዢዎች ሁሉ እኛን ያያሉ። አያ ይማም ቆመዋል። ጎንበስ አልሁና ከባንኮኒው ሥር የሸራ ጫማዬን መፈለግ ጀመርሁ።