ቤንዚን ውስጥ የተገኘ ውኃ

ሰው የሚፈራውን ነገር መርጦ የሚፈራ ቢሆን ደግ ነበር። ቆላ ተቀምጦ ውርጭ የሚፈራ አለ። በሕይወቱ መርፌ ሰርቆ ሳያውቅ ፖሊስ ሲያይ መንገድ የሚቀይር አለ። እናንተም አትሸሽጉኝ፤ ሌባ ቢከፍተው አዝኖላችሁ የሚዘጋው ሳጥን ላይ ሁለት ቁልፍ ሰቅላችኋል። እኔ ግን ከሁላችሁም እብሳለሁ። በወጣትነቴ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ አንድ ሙሉ በጋ ውኃ ስጠብቅ አሳልፌአለሁ። እንዲመጣ አይደለም። እንዳይመጣ። ያውም ድሬዳዋ!

ድሬዳዋን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ደቻቱ የምንለው ወንዛችን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ግመል ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል፣ ሽማግሌ አረፍ ይልበታል። አልፎ አልፎ ወንዝነቱ ትዝ ሲለው ግን ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል፤ ከዚያ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። እንዲህ ባለ ከተማ ነው እንግዲህ አንድ ጠዋት ከጂቡቲ በመጣ ባቡር ላይ ነጭ ጀልባ ከነሞተሩ ተጭኖ የገባው። ጣቢያው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ አየው። አንዱ ሽማግሌ «የማን ገንዳ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ባለቤቱ አንድ ፊታውራሪ ነበሩ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቤት ሠርተዋል፤ ሐይቅ ዳር ቤት ያለው ሰው ደግሞ ጀልባ ካላሰረ ጎረቤት ይንቀዋል። ለጉዳይ ወደ ሐረር ሲወርዱ ሞተሩን በዓይናቸው አይተው ሊረከቡ ስለፈለጉ፣ ጀልባው እስከዚያው መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ አዴ ዘይነባ ግቢ እንዲቆይ ተደረገ። አዴ ማለት በእኛ ሰፈር እማማ ማለት ነው፤ አዴ ዘይነባ ግቢያቸውን ለነጋዴ ዕቃ ማሳረፊያ የሚያከራዩ፣ ቡና በጆንያ፣ ጨው በኩንታል ሲቀበሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ጀልባ ሲመጣባቸውም «ይግባ፣ ለሁሉም ቦታ አለ» አሉ።

ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረው ጓደኛዬ ሮብሌ ነው። ሮብሌ ዘይላ፣ ጨው ባሕር ዳርቻ ላይ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ ድሬዳዋ መጥቶ የጭነት መኪና ነጂ ሆኖ የቀረ ሰው ነበር። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ሲባል እሱን አይቶ የተተረተ ይመስለኛል። ባሕር ሲያነሣ ድምፁ ይቀየር ነበር፤ እኔም ሳዝንለት ቆይቼ፣ እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዴ እሰለቸው ነበር። ፊታውራሪው ታዲያ እንዲህ የሚል ቃል ላኩበት፦ ስመጣ ሞተሩ ገመዱ አንዴ ሲሳብ ከተነሣ የሐይቁ ጀልባ ነጂ አንተ ነህ፤ ካልተነሣ ባሕር የሚያውቅ ግሪክ እቀጥራለሁ። ሮብሌ በዚያው ሳምንት የመኪናውን ቁልፍ ለጌታው መልሶ ጀልባው ውስጥ መተኛት ጀመረ።

እኔ ጋራዥ እሠራ ስለነበር ረዳቱ ሆንኩ። አርብ አርብ፣ ሰው ከመስጊድ ሲመለስ፣ ሞተሩን እናስነሣለን። ይህ ዓይነት ሞተር እግሩ ውኃ ካላገኘ ይቃጠላል፤ ስለዚህ እግሩን በርሜል ሙሉ ውኃ ውስጥ እንነክረዋለን። ቤንዚኑ ውስጥ ውኃ ከገባ ደግሞ ይሞታል። ውኃ ከታች ግድ፣ ውኃ ከላይ ክልክል! እንዲህ ያለ ፍጡር ከሞተርና ከአማች በቀር አላውቅም።

በመጀመሪያው አርብ ገመዱን ሳብነው፤ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ። ከቤንዚን ማጠራቀሚያው ቋት ሥር በብርጭቆ ቀድተን ብርሃን ላይ ስናየው፣ ከታች ውኃ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ተቀምጧል። ሮብሌ ፊቱ ጠቆረ። «ዋርያ ታደሰ፣ ባሕሩ ላይ ሳልሄድ ነው የሰመጥኩት» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ የጫት በርጫ ሌላ ወሬ አጣ። አንዱ ሻጩ ቀላቅሎ ነው አለ፤ አንዱ ጂን ነው አለ፤ ሦስተኛው ጀልባው ራሱ አገሩ ናፍቆት አልቅሶ ነው አለ። ሮብሌ ግን ግማሽ ባዶ የሆነ ቋት ሌሊት ውስጡን ያልበዋል ብሎ እስከ አፉ ሞላው። በሳምንቱ አርብም ውኃ ተገኘ። እኔ ደግሞ ቤንዚን በወፍራም ሱፍ ሲጣራ ውኃው ላይ እንደሚቀር ሰምቼ ስለነበር፣ ያለችኝን አንዲት የሱፍ ባርኔጣ ሠዋሁ። ባርኔጣዬን ሳደርግ አጠገቤ ሲጋራ የሚለኩስ ጠፋ። በሚቀጥለው አርብ ግን፣ ከዚያም በኋላ በመጡት አርቦች ሁሉ፣ ውኃው እዚያው ነው።

ፊታውራሪው ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ጣራ ስታቀልጥ፣ በድንገት ወደ ግቢው ገባሁ። አዴ ዘይነባ እንደ ድሬዳዋ ሰው ሁሉ ደጃቸውን ውኃ ረጭተው ጨርሰዋል። አሁን ደግሞ ጆንያ ዘፍዝፈው፣ ልክ የመጠጥ ውኃ ማሰሮ እንደሚያቀዘቅዙት፣ የቤንዚኑን ቋት አልብሰው ከላይ በጣሳ ያንቆረቁሩበታል። ክዳኑ ላይ የአየር ማስገቢያ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውኃው በእሷ ጠብ ይላል።

«አዴ! ምን እየሠሩ ነው?»

«አቦ ምን ታደርገኛለህ? ቤንዚን ሲሞቅ ይፈነዳል አሉ። እናንተ ለሞተሩ ትጨነቃላችሁ፤ ለዚህ ጀልባው ውስጥ ለሚተኛው ልጅ ማን ያስብለት?»

ሮብሌ ሲሰማ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ፣ እጃቸውን ስሞ ዘጋው። ቋቱን አደረቅን፣ አጠብን፣ አዲስ ቤንዚን በባርኔጣዬ አጣርተን ሞላን። ፊታውራሪው በሚመጡበት ዕለት ጠዋት ደግሞ እኔ፣ ብልጡ፣ ምናልባት አዴ ፍቅራቸው ቢያገረሽ ብዬ ያችን ቀዳዳ ለማንም ሳልናገር በሰም ደፈንኳት።

ፊታውራሪው አጃቢ አስከትለው መጡ፤ ግቢው ሞላ። ሮብሌ «ቢስሚላሂ» ብሎ ገመዱን ሳበ። አንዴ! ሞተሩ አገሳ፣ በርሜሉ ፈላ፣ አዴ እልል አሉ። ፊታውራሪው እስኪጠግቡ ሲሰሙት ቆዩ። ከዚያ ንግግር ሊያደርጉ ጉሮሯቸውን ጠርገው እጃቸውን አነሡ።

ሞተሩ ቀጥ አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አየር የማይገባበት ቋት ቤንዚን አይለቅም፤ ውኃ ስከለክል አየሩንም ከልክዬ፣ ጓደኛዬን በገዛ እጄ ለግሪክ አሳልፌ ሰጠሁት። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ፊታውራሪው ሞተሩን አዩ፣ ሮብሌን አዩ፣ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ጌታ ሲናገር ዝም እንዲል ማን አስተማረው?»

ሮብሌ እኔን አየኝ። ከዚያ እጅ ነሣ። «እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ።

«ግሪክ ይህን ያውቃል?» አሉ ወደ አጃቢዎቻቸው ዞረው። አጃቢ ሥራው ምንድን ነው? «አያውቅም!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። በሦስተኛው ቀን ጀልባው ባቡር ላይ ተጫነ፤ ሮብሌም ከነሻንጣው ውስጡ ተቀምጦ በአሸዋው መካከል የሚቀዝፍ መስሎ ሄደ። ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ሰሙን ጣቢያው ላይ በሚስማር ፈልቅቄ ምስጢሩን ነግሬው ነበር። አልሰደበኝም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያስጻፈው ደብዳቤ ደረሰኝ። «ወንድሜ ታደሰ፣ እኔ ደህና ነኝ። ቤንዚኑ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ፊታውራሪው አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ሞተሩ ዝም እንዲልላቸው የቤንዚኑን መክፈቻ በእግሬ ቀስ ብዬ እዘጋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሐይቅ መሐል ሲደርሱ ወሬ ይመጣላቸዋል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ማዶ ደርሰን አናውቅም፤ ሲመሽ እየቀዘፍኩ እመልሳቸዋለሁ። ውኃው ጨው የለውም፣ ቀምሼዋለሁ። ግን ማዶው ያልተደረሰበት ውኃ፣ ወላሂ፣ ለእኔ ባሕር ነው።»