ስክሪን ሲጠቁር የሚጠራው ሰው

ሐኪም የሌለበት ሰፈር አውቃለሁ፤ ቧንቧ ሠራተኛ ጠፍቶ በባልዲ የከረመ ሰፈርም አይቻለሁ። «ሊኑክስ ካልጫንኩልዎ» እያለ ቤት ድረስ የሚከተል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስከዛሬ አላጋጠመኝም። ሱራባያ ከተማ ብትሄዱ አለ፤ ባንዱንግ ከተማ ብትሄዱ አለ። የእኛው፣ የጆግጃ ከተማው፣ ማስ ዳርሶኖ ይባላል፤ «ማስ» በእኛ አገር «ወንድሜ» እንደማለት ነው።

ሊቀ ሊኑክስ ማስ ዳርሶኖ «እንዴት ዋሉ?» ብሎ አያውቅም። «ምን ላይ ነዎት፣ ቡ?» ነው የሚለኝ። ዕድሜዬ አድርሶኝ ቡ፣ ማለትም እናት፣ የምባለው እኔ ነኝ። የሚጠይቀኝም ጤናዬን ሳይሆን ላፕቶፔን የሚያሠራውን ሲስተም ነው፤ ሊኑክስም በነፃ የሚታደል እንዲህ ያለ ሲስተም ነው። ሕዝበ አዳም የሚጠቀምበትን ያንን የታወቀ ሲስተም ስሙን አይጠራም፤ በማታ እባብን በስሙ መጥራት እንደሚፈራ ሰው «ያኛው» ብሎ ያልፈዋል። አንድ ሰው «ያኛው» ላይ መሆኑን ከሰማ ለቅሶ የደረሰ ይመስል አንገቱን ይደፋል።

እኔ እጁ ላይ የወደቅኩት ላፕቶፔ ተንቀራፎብኝ ባማረርኩ ቀን ነው። ሻይና ቴምፔ የምንለውን የአኩሪ አተር ጥብስ አቀረብኩለት፤ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ላፕቶፔ ሃይማኖቱን ቀይሮ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፍጥነቱ ጉድ ነው። ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

«ካርዱ ነው እንጂ ሊኑክስ አይደለም» አለኝ። ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከውን ግራፊክስ ካርድ ማለቱ ነው። ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ በወጉ ስላልተሠራ ነው ብሎም አስረዳኝ። በማስ ዳርሶኖ ችሎት ካርድ ተከሶ ነፃ ወጥቶ አያውቅም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አይክደኑት፣ ቡ።»

የዝናቡ ወራት እስኪያልፍ ድረስ ላፕቶፔ አፉን ከፍቶ ከረመ፤ ድመቴ ሙቀቱን ወዳ ተኛችበት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነብኝ። «ለዓይን ጥሩ ነው» ብሎኝ ሻዩን ጨርሶ ሄደ።

ይህ ሰው ነገር ሲሠራለት ዝም ነው። ሲበላሽ ነው ፊቱ እንደ ሙሽራ የሚበራው። ትእዛዝ የሚጽፍበትን ጥቁር መስኮት ይከፍታል፣ ጣቶቹን ያንቋቋል፣ «ይቺማ ትንሽ ናት» ይላል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጎረቤት ቤት ለጸሎት ተጠርቶ፣ ሰው ሁሉ አሚን ሲል እሱ ጥግ ላይ የጠሪውን ላፕቶፕ ሲፈታ ተገኝቷል።

የእህቴ ልጅ ላራስም ከምእመናኑ አንዷ ናት። የደን ትምህርት ተማሪ ስትሆን የባትሪዋ ነገር ያማርራት ነበር። ማስ ዳርሶኖ ላፕቶፗን አገላብጦ አየና «ሁለት ካርድ አለው። ትንሹ ቆጣቢ ነው፣ ትልቁ ሆዳም። ሆዳሙን አስተኛልሻለሁ» አላት። አስተኛውም። ባትሪዋ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቆይላት እኔም ሳልወድ አመሰገንኩት።

የመመረቂያ ጽሑፏን የምትከላከልበት ቀን ደረሰ። ከዚያ ወር ምረቃ ከቀረች ካሊማንታን ደሴት ላይ የሚጠብቃት ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል። በእኛ ወግ ፈታኞቹን የምትቀልበው ተፈታኟ ናት፤ የመክሰሱን ሳጥኖች ተሸክሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ላራስ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ቀሚስ ለብሳ የፕሮጀክተሩን ገመድ ሰካች። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ነቅላ ሰካች። አሁንም ምንም።

ማስ ዳርሶኖ ዘንድ ደወልኩ። ለካስ የገመዱ መሰኪያ የሚሠራው በዚያ በተኛው ካርድ ነው! የክፍሉ ኮምፒውተር ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ፈታኞቹም ወረቀት ብቻ ነው ይዘው የመጡት።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ ፓክ ሄንድራርቶ፣ «ፓክ» እንደ «አባባ» ነው፣ የመክሰስ ሳጥናቸውን ከፈቱ። «እንግዲህ ይቺን እስክንበላ እንጠብቃለን። ካልሆነ ለሚቀጥለው ወር ነው፣ ልጄ።»

ማስ ዳርሶኖ የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ቅርብ ስለሆነ እየሮጠ መጣ። በነጠላ ጫማ ግቢ መግባት ክልክል ነው ብሎ ጥበቃው ቢያግደው፣ የጥበቃውን ጫማ ተውሶ እየጎተተ ገባ። «ይቺማ ትንሽ ናት» አለና ሆዳሙን ካርድ ሊቀሰቅስ ተቀመጠ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ተነሣ፤ ጥቁር። እንደገና፤ ጥቁር። ፓክ ሄንድራርቶ መክሰሱ የተጠቀለለበትን የሙዝ ቅጠል ገልጠው የመጨረሻዋን ቁራሽ ይዘዋል።

«ማስ፣ ቦርሳህ ውስጥ ያለውስ ላፕቶፕ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

ቦርሳውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ይሄ የሥራ ነው፣ ቡ።»

«ልጅቷስ መቼ ጨዋታ ላይ ናት?»

ላራስን አያት። እጅጌዋን ጨምድዳ ይዛለች። ያን ጊዜ ቦርሳውን ከፈተ፣ ገመዱን ሰካ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ግድግዳው በራ። ከጥግ እስከ ጥግ የተዘረጋው «ያኛው» ነበር።

ፓክ ሄንድራርቶ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ማስ ዳርሶኖ፣ የእኔን ላፕቶፕ አምና ‹ከያኛው ላድንዎ› ብለህ የቀየርክብኝ አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ፣ ፓክ።» ላብ በላብ ሆኗል። «የሰርግ መጥሪያ የምነድፍበት ፕሮግራም በሊኑክስ አይሠራም። የእንጀራ ነገር ነው።» ቀጥሎ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው «የእሷም ላፕቶፕ ካርዱ ጥፋት የለበትም። ያስተኛሁት እኔ ነኝ፤ መሰኪያውን አልፈተሽኩም። ልጅቷ ምንም አታውቅም» አለ።

ያን ሰው ያን ቀን ወደድኩት። በአደባባይ ካርድን ነፃ ማውጣት ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰብሳቢው ቁራሿን ዋጡና «እንጀምር» አሉ። ላራስ በፍላሽ የያዘችውን ጽሑፍ ማስ ዳርሶኖ ላፕቶፕ ላይ ከፍታ ስለ ወንዝ ዳር ቀርከሃ ተናገረች፣ አለፈችም።

እሁድ የሰፈሩ የሊኑክስ ማኅበር ሰዎች እንደተለመደው ሻይ መሸጫው ጋ ተሰበሰቡ። አዳዲስ ተማሪዎች መጥተዋል፣ ፓክ ሄንድራርቶም አሉ። ማስ ዳርሶኖ ከኋላ ተቀምጦ ብርጭቆውን ያሽከረክራል። «ምን ላይ ነህ?» ብሎ ማንንም አልጠየቀም። አንዱ ተማሪ «እዚህ ድራይቨር የሚያውቅ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም ዞር ብሎ አየው፤ እሱ መሬት መሬት አየ።

ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አወጣሁና «ማስ፣ ስክሪኔ ድቅድቅ ጨለማ ሆነብኝ። ካንተ ሌላ ማን ያውቅልኛል? እስቲ እየው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

መጥቶ ጎንበስ አለ። የስክሪኑን ብርሃን እስከ ታች ዝቅ ያደረግኩት ራሴ ነበርኩ፤ አንዲት ቁልፍ መጫን ይበቃው ነበር። ገና ሲያየው ገባው። ቀና ብሎ አየኝ። ብርሃኑን በቀስታ ከፍ አደረገ፣ ጥቁሯን መስኮት ከፈተ፣ ጣቶቹን አንቋቋ። ተማሪዎቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ከበቡት።

ጥገናው ረጅም ጊዜ ወሰደ። እኔም ሻይ ጨመርኩ እንጂ አልቸኮልኩም።