የሠላሳው ክፍለ ጊዜ ድልድል

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30
ቦታ፦ የሚኒስቴሩ አዳራሽ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ፣ አጠገቡ ባለው ትምህርት ቤት 1ኛ «ሀ» ክፍል። ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ እንዲቆዩ ተደርጓል።
የተገኙ፦ ሰብሳቢው፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ የሳይንስ ባለሙያዋ፣ የስፖርት ባለሙያው («ፊሽካው»)፣ የክፍሉ መምህርት። ምልዓተ ጉባኤው አምስት ስለሆነ ለጥቂት ተሟልቷል።
ጸሐፊ፦ እኔ። ድምፅ የለኝም። ልጄ የዚሁ ክፍል ተማሪ ናት፤ እስካሁን አንድ ፊደል አልለየችም።

አጀንዳ 1፦ መቀመጫ
ሰብሳቢው ወንበሮቹ ለሰባት ዓመት ልጅ የተሠሩ በመሆናቸው ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ መቸገራቸውን ገለጹ። ከአርባ ደቂቃ ውይይት በኋላ እንደምንም እንዲቀመጡ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ በሳምንት ያለውን ሠላሳ ክፍለ ጊዜ መደልደል
የሒሳብ ባለሙያው አሥራ አምስት ጠየቁ። የሳይንስ ባለሙያዋ «እኛስ የእንጀራ ልጆች ነን?» ብለው አሥራ ስድስት አሉ። ፊሽካው በአሥራ ሁለት ጸኑ። መምህርቷ «ኧረ ልጆቼ ማንበብ አልቻሉም፤ ለንባብ አንዲት ክፍለ ጊዜ ጨምሩልኝ» ሲሉ፣ ሰብሳቢው ሐሳቡን አድንቀው በአጀንዳ 5 እንዲታይ አዘዙ። አጀንዳ 5 የለም።

ድምሩ አርባ ሦስት መጣ። የሒሳብ ባለሙያው ሰሌዳው ላይ ሁለቴ ደመሩት፤ አልቀነሰም። ስለዚህ አንዱ ክፍለ ጊዜ ከአርባ ደቂቃ ወደ ሃያ ሰባት ደቂቃ ከሃምሳ አራት ሰከንድ ዝቅ እንዲል በአራት ድጋፍና በአንድ ዝምታ ተወሰነ። ደወል የሚደውሉት ዘበኛ ሰዓት እንደሌላቸው ተነሥቶ፣ ሰከንዱን በግምት ይደውሉት ተባለ።

በዚህ ጊዜ መምህርቷ «እናንተ ጊዜውን ስትካፈሉ የልጆቼ ሦስት ክፍለ ጊዜ ሄደ» ብለው ጠመኔያቸውን ይዘው ወጡ። የእኔም ልብ አብሯቸው ወጣ።

ሰብሳቢው ምልዓተ ጉባኤው ስለጎደለ የተወሰነው ሁሉ ይሻር አሉ። ፊሽካው ለመሻርም አምስት ሰው እንደሚያስፈልግ አስታወሱ። መምህርቷ በመስኮት ቢጠሩም አልሰሙም። የግቢው ግንብ ላይ በጠመኔ የጻፉትን ፊደል ለልጆቹ ለማሳየት እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ግን ሰብሳቢው «ይኸው፣ ደገፉ!» አሉ። በሙሉ ድምፅ ሁሉም ተሻረ። አጀንዳ 1ም አብሮ ስለተሻረ አባላቱ ከወንበራቸው ተነሡ።

በዚያው ቅጽበት ውጭ ሠላሳ ስምንት ልጆች እጃቸውን አውጥተው ነበር። ድምፅ ስለሌላቸው አልተቆጠሩም። አንዷ ልጄ ነበረች። መምህርቷ ጠሯት፤ ፊደሉን በትክክል አነበበችው።

ስብሰባው ከረፋዱ 5፡10 ተበተነ።