ፓስታው ያልጠበቀው አሜን

ምግብ የሚያበላሸው ጨው አይደለም፤ አባት ነው! አትቆጡ፤ እኔም አባት ነኝ።

በማዕዱ ዙሪያ የነበርነው አምስት ነን። ልጄ አስቴር፣ እዚሁ ነቀምቴ በትምህርት ቤት ባልትና የተማረች። ባለቤቴ ዲንቂቱ። አስቴርን ለወንድማቸው ልጅ ሊጠይቁ ከአኖ የመጡት ኦቦ ዲንሳ። እህታቸው አዴ ጫልቱ። አምስተኛው እኔ፣ ፊደልን ያለ አስተማሪ የቆጠርኩ፣ ስለዚህም ሰውን ሁሉ ለማስተማር የምቸኩል።

አዴ ጫልቱ "አስኳላ የገባች ልጅ ድስት አታውቅም" ማለታቸውን ሰምተናል። አስቴር ልታሳያቸው ቆረጠች። ሥጋውን በማለዳ ፍም ላይ ጣደችው፤ እስከ ሰባት ሰዓት ሲንተከተክ ቆየ። የሱጎው ሽታ ጎረቤቱን ሁሉ ምራቅ አስዋጠ!

ነጩን ፓስታ በትልቅ ሳህን፣ ሱጎውን በድስቱ አቀረበችና ጆሮዬ ሥር መጣች።

"አባባ፣ ጸሎቱን አሳጥርልኝ። ሱጎው ይታገሣል፤ ፓስታ ግን አይጠብቅም።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ፓስታ እግዚአብሔርን ይጠብቅ" አልኳት። ጥሩ አባባል መሰለኝ... እናንተም ጥሩ አባባል ሲመጣላችሁ ተጠንቀቁ።

ተነሣን። ስለ ጃንሆይ ጤና ለመንኩ። ስለ ዝናቡ፣ በአኖ መንገድ ስለሚመላለሱት የጭነት መኪና ነጂዎች... ከዚያ የሴት ልጅ ትምህርት ያለውን ጥቅም ለእግዚአብሔር አብራራሁለት። እሱስ ያውቀዋል፤ ግን አዴ ጫልቱ አጠገቤ ቆመው ነበር። ኦቦ ዲንሳ ሁለት ጊዜ "አሜን!" ብለው ሊያስጨርሱኝ ሞከሩ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ተቀመጥን። አዴ ጫልቱ ሹካቸውን ሰደዱ። ፓስታው ሙሉውን ተከትሏቸው ተነሣ... እንደ ድፎ ዳቦ!

"ያ ዋቃዮ! ይሄ በቢላዋ ነው እንዴ የሚቆረጠው?"

አስቴር አንገቷን ደፋች። ዲንቂቱ እኔን አየችኝ። ያገባችሁ ሁሉ ያቺን አስተያየት ታውቋታላችሁ። ዝም ብል ኖሮ ጥፋቱ የልጅቷ ሆኖ ይቀር ነበር፤ አኖ ድረስም ይወራ ነበር።

"አዴ ጫልቱ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አሳጥር ብላኝ እምቢ አልኩ።"

አዴ ጫልቱ ማንኪያቸውን ድስቱ ውስጥ ነከሩ። ሱጎውን ቀመሱ። ደገሙ። ሊሠልሱ ሲሉ ኦቦ ዲንሳ ድስቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"ልጅቱ ባለሙያ ናት" አሉ አዴ ጫልቱ። "እሷን ስጡን። አባቷ ግን እዚሁ ይቅርልን!"

"በሠርጉስ ማን ይጸልይ?" አለች ዲንቂቱ፣ ሳቋን ማፈን እያቃታት።

"ይኸው ኦቦ ዲንሳ ይጸልዩ፤ ፓስታው ውሃ ውስጥ ሳይገባ!" አሉ አዴ ጫልቱ።

ያን ድፎ በቢላዋ ቆራርሰን፣ ሱጎ አፍስሰንበት በላነው። ዲንቂቱ ለካ ጸሎቴን በግድግዳው ሰዓት ይዛብኝ ኖሯል፦ ሃያ አምስት ደቂቃ! የአምስታችን መቆም ሲደመር ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ መሆኑ ነው። ከሃያ አምስቱ ለእግዚአብሔር የተነገረው፣ እውነቱን ልናገርና፣ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው... ሃያውን ያነጋገርኩት አዴ ጫልቱን ነበር።