ከቡሬ የመጣ አፈር

ሰው በሬ ሲመርጥ መካሪው ብዙ ነው። ሚስት ሲመርጥማ አገር ይሰበሰባል። አፈር ሲመርጥ ግን ይጠረጠራል። መጨረሻችን እዚያው ሆኖ ሳለ፣ ስለ አፈር ማሰብ ምን ነውር አለው?

ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ሳለሁ የተከራየነው ቤት ጓሮው ዋልካ ነበር። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ሲነካው ጫማ ይወርሳል። ቲማቲም ብተክልበት ግማሹን ዋልካው አነቀው፣ የተረፈውን የአከራያችን የእትዬ ጌጤ ፍየሎች ጨረሱት። ባለቤቴ ሙሉነሽ፣ ስለ ዕፅዋት የምታስተምረው ተማሪዎችን ነው ወይስ ፍየሎችን ስትል ጠየቀችኝ። ባዮሎጂ መምህር ላይ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

ክብሬን ለማስመለስ ጀሪካን ለሁለት እየቆረጥኩ፣ በመረጥኩት አፈር ልተክል ቆረጥኩ። ከላህ ወንዝ ዳር አሸዋ አመጣሁ፤ ውሃውን ከላይ ተቀብሎ ከታች ያፈስሰዋል። ፋንድያ ሞላሁ፤ ትኩስ ስለነበር ችግኙን ጠበሰው። በመጨረሻ ቡሬ የሚያስተምር ወዳጄ፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር የተጠረገ ጥቁር አፈር ከቆየ ፋንድያና ከጥቂት አሸዋ ጋር ቀላቅል አለኝ። ቡሬ ሄጄ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ዛቅሁና አውቶቡስ ላይ ጫንኩ።

ረዳቱ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አፈር ነው አልኩት።

“ፍኖተ ሰላም አፈር አለቀ እንዴ?” አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ሳይገባ አልቀረም። አፈሩን እንደተመከርኩት ቀላቅዬ ችግኝ በተከልኩ ሰሞን፣ በሰፈሩ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ እትዬ ጌጤ ተነሥተው፣ ለቲማቲም ብሎ አፈር በአውቶቡስ የሚጭን ጤነኛ ሰው አላየሁም፣ ይኸ መምህር የሚያበቅለው ያንን የሚያሰክረውን ዕፀ ፋርስ መሆን አለበት አሉ። በማግስቱ የሰፈሩ ፖሊስ ሳጅን አያሌው ደጄ ላይ ቆመ። ሥራዬን የማጣ መሰለኝ።

ሳጅኑ ችግኙን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቅጠሉን አሸተተ፣ መለየት ግን ከበደው። “መምህር፣ እኔ ገና በቅጠሉ አልፈርድም። እስኪያፈራ ይቆያል። እስከዚያው እንዳይነካ” አለ።

ከዚያ ወዲያ ጧትና ማታ አጥሩን ተደግፎ ይጠብቅ ጀመር። የእትዬ ጌጤ ፍየል ብቅ ስትል በዱላ ያባርራታል። ምነው ቢሉት፣ “እትዬ፣ ማስረጃ ልታስበሉ ነው?” አላቸው። አፈሩ ደግሞ ሥራውን ሠራ፤ ግንዱ እንደ ጣት ወፈረ፣ አበባው ወጣ፣ አንድ ጧት ፍሬው ቀይ ሆኖ ተገኘ።

ሳጅኑ አንዱን ቀጥፎ በእጅጌው ጠረገና ገመጠው። ጎረቤቱ ዙሪያውን ቆሟል። እያላመጠ ብዙ ቆየ።

“ቲማቲም ነው” አለ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ። ሁለተኛውንም ለማጣራት በላ።

ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ጓሮውን አስጎበኘሁ። እትዬ ጌጤ እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ “አንቱ፣ ያ አፈር የተረፈ የለም?” አሉኝ። በቆርቆሮ ሰፍሬ ሰጠኋቸው።

ማታ ሙሉነሽ ቲማቲሙን እየከተፈች በሐሳብ ተያዘች። አሁንማ አመነችኝ ብዬ፣ በሚቀጥለው ሽንኩርት እተክላለሁ አልኳት።

“ይሁን” አለችኝ፣ “ግን ለሽንኩርቱ ማን ይጠቁምብን?”