የእንግዳ ቀን ልብስ

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ነው ይባላል። የእኛ መሥሪያ ቤት እንግዶች ግን ጠዋት መጥተው ከሰዓት ስለሚመለሱ ብረት የመሆን ዕድል የላቸውም፤ ሁልጊዜ ወርቅ ናቸው። እኔ ዲላ ውስጥ የተቸገሩ ልጆችን በሚረዳ ድርጅት እሠራለሁ። ሥራዬን ለጠየቀኝ ሁሉ «ልጆች መከታተል» እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ከፈለጋችሁ ግማሹ እንግዳ ይዞ መዞር ነው። እንግዳ ይመጣል በተባለ ሳምንት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ቁጭ ብዬ እንኳ እግሬ አያርፍም።

ባለፈው ከአዲስ አበባ አንድ ኃላፊ መጡ። የመጡት ድጋፉ ለየትኛው ልጅ እንደሚቀጥል፣ ለየትኛውስ እንደሚያበቃ ለመወሰን ነው። ወናጎ አጠገብ ወዳለው ወደ ምህረት ቤት ወሰድኳቸው። ምህረት እናት አባቷ ሞተውባት አክስቷ እትዬ ዘነበች የምታሳድጋት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደብተሯም፣ ዩኒፎርሟም፣ ምሳዋም ከእኛ ስለሆነ ድጋፉ ከቆመ ትምህርቷም ያው መቆሙ ነው።

ታዲያ እኔ ሞኟ ለእትዬ ዘነበች «ነገ እንግዳ ይመጣል» ብያት ነበር። ይህ ቃል እዚህ አገር እንደዋዛ አይጣልም!

ስንደርስ ምህረት በር ላይ ቆማለች። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ፣ አዲስ ቀይ ቀሚስ፣ ከላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ የልጆች መዘምራን ጋውን! ቤት ውስጥ የማላውቀው ምንጣፍ ተነጥፏል። ኃላፊው ከእግር እስከ ራሷ አዩአትና «ይህቺ ልጅ እኮ ከእኔ ልጆች ትሻላለች» ብለው ሳቁ። «የውሰት ነው» ብል እትዬ ዘነበችን በገዛ ደጇ ማዋረድ ነው፤ ዝም ብል ልጅቷ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ሰዓቴን አየት አድርጌ «እንሂድ» አልኩ።

ተሰናብተን አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ኃላፊው ጃንጥላቸውን መርሳታቸው ትዝ አላቸው። ብንመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ነው። አንዷ ምንጣፏን ትጠቀልላለች፣ ሌላዋ ጋውኑን ታጥፋለች። ምህረት ትከሻው የተቀደደ ቲሸርቷን ለብሳ፣ በባዶ እግሯ ቆማ፣ ጫማውን ለባለቤቱ እያቀበለች ነው። አንጀቴን በላችኝ። ኃላፊው ጃንጥላቸውን ተቀበሉና ባዶ እግሯን አዩ።

እትዬ ዘነበች ግን ቅንጣት አላፈረችም።

«ምን ይደረግ ጋሼ፣ እንግዳ መጥቶ ልጅ በቡትቶ ይታያል እንዴ? ነውር ነው እኮ!»

መኪና ውስጥ፣ ዲላ ልንገባ ስንል፣ ኃላፊው «ይቀጥልላት» አሉ። ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን አስከትለው «ሁለተኛ የውሰት ልብስ እንዳያለብሷት ንገሪያቸው። የሚቀጥለው እንግዳ ጃንጥላ ላይረሳ ይችላል» አሉኝ።

ነገ ሌላ እንግዳ ይመጣል፤ ያውም ከውጭ አገር። ዛሬ እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄጄ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ መልሼ ለመንኳት። «ልጅቷ እንዳለች ትታይ፤ አለበለዚያ ድጋፉ ይቀራል» አልኳት።

«እሺ የኔ ልጅ፣ ገብቶኛል» አለች።

ትንሽ ቀለል ብሎኝ ልሄድ ስነሳ ዓይኗ አንገቴ ላይ ቀረ።

«ይቺ ሻርፕሽ ግን» አለች ጫፏን በሁለት ጣት ዳሰስ አድርጋ፣ «ምህረት ላይ እንዴት ባማረች!»

ይኸው ባዶ አንገቴን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ወደ ዲላ እየተመለስኩ ነው። የነገው እንግዳ ዕቃ የሚረሳ ሰው እንዲሆን እባካችሁ ጸልዩልኝ።