ለጥርስ ያስፈረሙት ጎረቤቴ

ማንንም የማያምን አንድ ሰው የሌለበት ሕንፃ የለም። የእኛን «ጋሼ ማኅተም» እንላቸዋለን። ጡረታ እስኪወጡ የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ያለ ፊርማ መርፌ አይወጣም ነበር አሉ። ዛሬም ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ መታወቂያውን ወደ ብርሃን ይዘው ያገላብጡታል። እንደምን አደሩ ላላቸው ሰው እንኳ መልሳቸው «ምን ፈልገህ ነው?» ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስጣደፍ ደረጃው አዳለጠኝና በአፌ ተደፋሁ። ቀና ስል ክቡርነታቸው ከበላዬ ቆመዋል። የፊት ጥርሴ እግራቸው ሥር ወድቋል። ሥራዬ ደግሞ እንግዳ መቀበያ ላይ ተቀምጦ ፈገግ ማለት ነው።

«ማነው የገፋህ?»

«ማንም። አዳልጦኝ ነው።»

«እሱን እንደርስበታለን» አሉና ሰዓታቸውን አይተው ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ጥርሱን በመሐረብ ልፈትግ ስል በምርኩዛቸው እጄን መለሱት። «ሥሩን እንዳትነካ!» ነጩን ጫፍ በሁለት ጣት አንስተው ውሃ ብቻ አስነኩትና ወደ ቦታው ልመልሰው አሉ። አፌን ገጠምኩ። እኔስ እሳቸውን መቼ አምኜ አውቃለሁ?

«እንግዲያው ወተት» አሉ። ምድር ቤት ካለው ሱቅ የተከፈተውን አሽትተው «ውሃ አለበት» ብለው መለሱ፤ አዲስ እሽግ አስከፍተው ጥርሴን ብርጭቆ ውስጥ ጨመሩት።

ታክሲ ውስጥ «ጋሼ፣ ይሄን የወተት ነገር ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር።»

«አመኑት?»

«ምን በወጣኝ። ሦስት ሐኪም ጠየቅሁ። ሦስቱም አንድ ነገር ሲሉኝ፣ ተማክረው እንዳይሆን ብዬ አራተኛ ጨመርኩ።»

የጥርስ ሐኪሟ መቼ ወለቀ፣ በምን ቆየ፣ ማን ነካው ብላ አከታተለችብኝ። አንዱንም አላውቅ። ጋሼ ደብተራቸውን ገለጡ።

«አንድ ሰዓት ከአርባ። በስድስት ደቂቃ ወተት ገባ። ከእኔ በቀር የነካው የለም፤ እሱም ከነጩ በኩል።»

«ግማሽ ሰዓት አልሞላውም፤ ሊይዝ ይችላል» ብላ እጇን ዘረጋች። ብርጭቆውን አልለቀቁም።

«በቅድሚያ እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«አንድ የፊት ጥርስ፣ ሥሩ ያልተነካ፣ ከነወተቱ ተረክቤያለሁ» ይላል ደብተሩ። ሳቋን ውጣ ፈረመች። ያኔ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አስረከቡ። ስንት ዓመት በጓሮ በር እየወጣሁ የሸሸኋቸው ሰው።

በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«የፈረመችው ለአንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹን ስትወጣ ቁጠራቸው።»